የድንች ዶክተር

«የነፍስ ሐኪሟስ? አሁንም እየመጣች ታያታለች?»

አክስት ኢንሺራህ ይህን የጠየቀችው ሰላጣውን እያማሰለች፣ ስለ ገበያ እንደሚያወራ ሰው ነው። የመግሪብ አዛን ሊል ጥቂት ቀርቶታል። ገበታው ተዘርግቷል፣ ሾርባው ይጨሳል፣ ሁሉም ጆሮውን ወደ መስኮቱ አቁሞ ይጠብቃል። የሻሂንዳ እናት ሲሃም ግን ጭልፋዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«የምን የነፍስ ሐኪም?» አለች ሻሂንዳ።

«ኢንሺራህ!» አለች እናቷ ጥርሷን ነክሳ።

«ምነው? ምን አጠፋሁ? ያቺ ነጭ ጋውን የምትለብሰው፣ ማን ነበር ስሟ… ኢብቲሃል! ራስሽ አይደለሽ እንዴ የነገርሽኝ? ልጅቷ ሰው አላናግር ብላ ስታስቸግር የነፍስ ሐኪም መደቡላት ብለሽ…» አክስት ኢንሺራህ የወንድሟን ሚስት ፊት አየችና አፏን ዘጋች። ምን ዋጋ አለው፣ ነገሩ ወጥቷል።

ሻሂንዳ ኢብቲሃልን የምታውቃት የምግብ ባለሙያ ናት ብላ ነው። እንዲያ ያለቻት እናቷ ናት። «ዶክተር ኢብቲሃል ስለምትበዪውና ስለምትጠጪው ልታማክርሽ ነው፣ የልብሽን አጫውቻት» ነበር ያለቻት። በከተማቸው በዱምያጥ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ የምን ዶክተር ነሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሻሂንዳም አልጠየቀችም። ቅዳሜ፣ ሰኞና ረቡዕ የኩላሊት እጥበት ክፍል ውስጥ ከማሽኑ ጋር ታስራ ስትውል፣ ሴትዮዋ ወንበር ስባ አጠገቧ ትቀመጣለች፣ ሻሂንዳም ስለ ድንች ትጠይቃታለች። ኩላሊቱ የማይሠራ ሰው ውሃ የሚጠጣው በልክ ነው፣ ድንችም እንደ ልቡ አይበላም። ይላጣል፣ ይዘፈዘፋል፣ ይቀቀላል፣ ውሃው ይደፋል፣ እንደገና ይቀቀላል። ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ነገር ድንች መባሉ ራሱ ያጠራጥራል።

ከድንች የተነሳ ወሬ ደግሞ የማይደርስበት የለም። የክፍል ጓደኞቿ ከቧንቧ ውሃ ሲጠጡ በጥፊ ማለት እንደሚያምራት ነግራታለች። ቤት ውስጥ ሰው ሳይኖር ፍሪጁን ከፍታ የውሃ ጠርሙሶቹን ቆማ እንደምታይ ነግራታለች። እናቷ በስልክ «ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ» ባለች ቁጥር ጩኺ ጩኺ እንደሚላት ነግራታለች። ለሰው ያልነገረችውን ሁሉ። ለምግብ ባለሙያ ነበር የነገረችው!

«እብድ ነኝ እኔ?» አለች።

«አዑዙ ቢላህ! ማን እብድ አለሽ፣ የኔ ልጅ…»

«ታዲያ ለምን ዋሸሽኝ? ለሷ እየነገርሽ እኔን ዋሸሽኝ! አክስቴ ታውቃለች፣ ሰፈሩ ያውቃል፣ ፋራዋ እኔ ብቻ ነኝ! ቀጥሎ ቢጫው ቤት ልትከቱኝ ነው?» ቢጫው ቤት የሚሉት የአእምሮ ሕሙማንን ሆስፒታል ነው። የሰፈሩ ልጆች ሲጣሉ የሚሰዳደቡበት ቃል ነው፣ ከዚያ የባሰ የላቸውም።

«ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ» አለ አባቷ ሚቱዋሊ። ቀኑን ሙሉ የሙሽራ ወንበር ሲያስጌጥ ስለሚውል ጥፍሮቹ ውስጥ የወርቅ ቀለም አይጠፋም። «ሰው ጾሙን ነው።»

ያኔ አዛን አለ። በቃ፣ ጠቡ ተረሳ። እጆች ሁሉ ወደ ቴምሩ፣ ወደ ብርጭቆው ተዘረጉ። ጉሮሮ ሁሉ «ግልግል» አለ። አክስት ኢንሺራህ ዓይኗን ጨፍና ቀመረዲኗን ጨለጠች፤ ከደረቀ አፕሪኮት የሚሠራው፣ ወፍራሙ፣ ብርቱካናማው መጠጥ፣ ረመዳን ያለሱ ረመዳን የማይመስለው። ሻሂንዳ ፊት ያለችው ግን አበባ የተሳለባት ትንሽ ሲኒ ናት። ግማሽ ውሃ አላት። ቤቱ ሁሉ «የሻሂንዳ ሲኒ» ይላታል፣ ሌላ ሰው አይነካትም።

የረመዳን ቀን ደስ ይላታል፤ ይህን ለኢብቲሃልም ነግራታለች። እሷ መጾም ባትችልም፣ ቀን ቀን አገሩ ሁሉ እንደሷ ይጠማል። አስተማሪው ከንፈሩን ይልሳል፣ ባለሱቁ ይነጫነጫል፣ ሁሉም ሰዓት ያያል። ሲመሽ ግን ሁሉም በአንዴ ይከዷታል። ደግሞ ጾማቸውን የሚፈቱበት ቴምርና ቀመረዲን ለሷ መርዝ ነው። ውስጣቸው ያለውን ፖታሲየም የሚሉትን ነገር ኩላሊቷ አያስወጣውም፤ ደሟ ውስጥ ይከማችና ልቧን ይይዘዋል። ይህን ከፊደል እኩል ነው ያጠናችው።

«ሚስኪን» አለች አክስት ኢንሺራህ አፏን እየጠረገች። «እኛ ስንጠጣ እያየች…»

ሻሂንዳ ብድግ አለች። ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ፣ አላነሳችውም። «ኧረ ተዋት፣ ትረጋጋ» የሚል ድምፅ ከኋላዋ ሰማች፤ ይሄ «ትረጋጋ» የሚሉት ነገር ደግሞ ይበልጥ ደሟን አፈላው። ኩሽና ገብታ በሩን ዘጋች። ፍሪጁን ከፈተች። ለኋላ የተቀመጠው ቀመረዲን በትልቁ ጆግ ሙሉ ነበር።

«የምግብ ሐኪሜ ፈቅዳልኛለች» አለች ለፍሪጁ።

አንድ ብርጭቆ ጠጣች። ቀዝቃዛ ነው፣ ጣፋጭ ነው፣ ጉሮሮዋን ሞልቶ ሲወርድ እንባዋ መጣ። ሁለተኛውን ቀዳች። ሁለተኛውን ስትጠጣ ግን ጣዕሙም አልተሰማት፣ ንዴቷን ነው የጠጣችው። ከዚያ ብርጭቆውን አጥባ፣ አድርቃ፣ ቦታው መለሰችው።

ዕለቱ ዓርብ ነው። ከረቡዕ ወዲህ አልታጠበችም፤ ከሳምንቱ ሁሉ ሰውነቷ የሚከብዳት ዓርብ ነው። ይህንንም ታውቃለች።

«ነገ እጥበት አልሄድም!» ብላ ጮኸችና መኝታ ቤቷ ገባች።

እናቷ በሩን እያንኳኳች ለመነች፣ ተቆጣች፣ እንደገና ለመነች። ሻሂንዳ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ስልኳን አንስታ ሙአዝ ጋ ደወለች። ሙአዝ ከሷ በአንድ ዓመት ይበልጣል፤ እጥበት ክፍል ከጎኗ ያለው ወንበር የሱ ነው፣ ነገር ሁሉ ቀልድ የሚሆንበት ልጅ ነው።

«ኢብቲሃል የነፍስ ሐኪም መሆኗን ታውቅ ነበር?»

«ሥነ ልቦና። አዎ። ቢሮዋ በር ላይ ተጽፏል እኮ። አንቺ የምን መስሎሽ ነበር?»

«የምግብ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ሙአዝ ሳቁን ሊውጠው ሞከረ፣ አልቻለም። «ለዚህ ነው እንዴ! እኔ እኮ ስለ ሞት እያወራኋት ከጎኔ አንቺ ስለ ድንች ትጨቀጭቂያታለሽ። ይቺ ልጅ ጥልቅ ናት እል ነበር፣ ወላሂ!»

«ሙድ አትያዝብኝ፣ ሙአዝ! እዚህ አንጀቴ አሯል!»

«እሺ፣ እሺ። ግን እሷ ምን አደረገችሽ? ነገ ነይና ፊት ለፊት ጠይቂያት።»

«አልመጣም ብያለሁ። ከመጣሁም ልሰድባት ነው የምመጣው!»

«ይመችሽ። ቀደም ብለሽ ነይ፣ እኔም ልስማው።»

ስልኩን ዘጋች። ነገሩን ስታገላብጠው አደረች ማለት ይቻላል፤ ለኢብቲሃል የምትላትን ቃል መረጠች፣ ጣለች፣ የባሰውን ፈለገች። ስለዚህ ጠዋት ልብሷን ለብሳ ስትወጣ ለእጥበት አልነበረም፣ ለጠብ ነው። እናቷ ግን ተመስገን ብላ ተከተለቻት።

ደረጃውን ስትወርድ እግሯ የሷ አልመስል አላት። ከበዳት። የከንፈሯ ዙሪያም ይነዝራታል። ቀመረዲኑ ትዝ አላትና ፈራች፤ ፈርታም ዝም አለች። ብትናገር «ሚስኪን» ሊመጣ ነው፣ ለቅሶው ሊመጣ ነው፣ ለአክስት ኢንሺራህ ሊደወል ነው። ይቅርባት።

ታክሲ ውስጥ እናቷ የፕላስቲክ ሳሕን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ውስጡ ሁለቴ የተቀቀለው ድንች ነው።

«ለአንቺ ብዬ ነው» አለች ሲሃም ወደ መስኮቱ እያየች። «የሰው አፍ ታውቂያለሽ። የነፍስ ሐኪም ዘንድ ትመላለሳለች ከተባለ፣ ነገ ለትዳር ሲጠይቁሽ…»

«ለትዳር! እማዬ፣ ኩላሊት የለኝም እኮ! ያንን ሰምቶ ያልሸሸ ሰው ጭንቀቴን ነው የሚፈራው?»

ሹፌሩ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገ። እናቷ የሳሕኑን ክዳን ጫን፣ ጫን አደረገችው።

እጥበት ክፍል እንደደረሱ እናቷ እንደ ወትሮው ኮሪደሩ ላይ ቀረች። ሲስተር ረሻ ሻሂንዳን ሚዛን ላይ አቆመቻትና በምላሷ «ጽ! ጽ! ጽ!» አደረገች። «ምን ጠጥተሽ ነው ይሄ ሁሉ ኪሎ?»

«ውሃ ነው። ትንሽ አሳለፍኩ።»

«ውሃ ብቻ?»

«ውሃ አልኩሽ እኮ!»

ሲስተር ረሻ ቀና ብላ አየቻትና ወደ ማሽኑ ሄደች። ሻሂንዳ ወንበሯ ላይ ወጣች። ሙአዝ ቀድሞ ማሽኑ ላይ ተሰክቶ ነበር፤ ቅንድቡን አነሳላት፣ «ተዘጋጅቻለሁ» እንደማለት።

ኢብቲሃል መጣች። አጭር ናት፣ ሁልጊዜ ስኒከር ታደርጋለች፣ ትከሻዋን የሚያጎብጥ ትልቅ ቦርሳ አላት። ወንበር ስባ «እንዴት አደርሽ፣ ሻሂንዳ?» አለቻት።

«የምን ዶክተር ነሽ?»

ሁልጊዜ «እርስዎ» ነበር የምትላት። ዛሬ አንቺ አለቻት፣ ያውም በክፍሉ ሙሉ ድምፅ። በዚያ በኩል ያሉት ሽማግሌ ዓይናቸውን ገለጡ።

«የሥነ ልቦና» አለች ኢብቲሃል ግራ ገብቷት። «ዶክተር እንኳ አይደለሁም፤ ሰዉ ነው የሚለኝ።»

«ለኔ የምግብ ናት ነው የተባልኩት! እናቴ ናት ያለችኝ! የምግብ!»

ኢብቲሃል ቀስ ብላ «ለዚህ ነው እንዴ ድንቹ?» አለች።

«ምኑ?»

«እኔማ…» ኢብቲሃል ፊቷ ቀላ። «ተልጦ፣ ተዘፍዝፎ፣ ሁለቴ ተቀቅሎ፣ ጣዕሙ የጠፋ ነገር ስትይኝ፣ ስለ ራሷ ነው የምትነግረኝ ብዬ ነበር። ስንት ጊዜ አስቤበታለሁ መሰለሽ።»

«ድንች ድንች ነው!» ብላ ጮኸች ሻሂንዳ።

ሙአዝ በትራሱ አፉን አፈነ። ሻሂንዳንም ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፣ ይህ ደግሞ የባሰ አናደዳት። ስትናደድ ልትሰድብበት የመረጠችው ቃል ሁሉ ጠፋባት፤ የመጣላት ሌላ ነው።

«የነገርኩሽን መልሺልኝ» አለች ድምፅዋ እየተሰበረ። «ሁሉንም። ያንን ያወራሁት ለሌላ ሰው ነው።»

«መመለስ አልችልም» አለች ኢብቲሃል። «ግን ከእኔ አልወጣም። እናትሽም አልሰማችም። መጀመሪያ ቀን ማን እንደሆንኩ ራሴ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ታውቃለች ብዬ ዘለልኩት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ሻሂንዳ ለዚህ አልተዘጋጀችም። ሰው «አላህ ያሽርሽ» ይላታል፣ «ሚስኪን» ይላታል፣ «ጠንካራ ልጅ» ይላታል። ይቅርታ ብሏት የሚያውቅ ትልቅ ሰው ግን ትዝ አይላትም።

«ከዛሬ ጀምሮ አትምጪ ካልሽኝ አልመጣም» አለች ኢብቲሃል እየተነሳች። «ወሳኟ አንቺ ነሽ። አስቢበት።» ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች፣ ወንበሩን ወደ ቦታው ልትመልስ ያዘችው።

ሻሂንዳ እግሯን ልታስተካክል ሞከረች። እግሯ ዘገየባት። ልቧ አንድ ጊዜ ዘለለ፣ ከዚያ ቆም ያለ መሰላት፣ እንደገና መታ። ሲስተር ረሻ በሌላ ሕመምተኛ ተይዛለች። እናቷ ከበሩ ውጭ ናት። ኢብቲሃል ሁለት እርምጃ ሄዳለች።

«ቀመረዲን ጠጥቻለሁ» አለች ሻሂንዳ።

ኢብቲሃል ዞረች።

«ሁለት ብርጭቆ። ትናንት ማታ። ተሳስቼ አይደለም። አውቄ ነው።»

ኢብቲሃል አልጮኸችም፣ ጭንቅላቷንም አልያዘችም። ወንበሩን ለቀቀችና «ሲስተር ረሻ! ዶክተሩን ጥሪልኝ፣ አሁኑኑ! ቀመረዲን ጠጥታለች!» አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ለሻሂንዳ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «አንድ ነገር በግልጽ እጠይቅሻለሁ፣ ትንሽ ቆይቼ። መጀመሪያ ልብሽን ይዩት። አልሄድም፣ እዚሁ በሩ ጋ ነኝ» አለቻት።

ከዚያ በኋላ ክፍሉ ተሯሯጠ። ደረቷ ላይ ሽቦ ለጠፉ፣ ማሽኑ የልቧን ምት በወረቀት ላይ አወጣው፣ ዶክተሩ ወረቀቱን አይቶ ፊቱን አኮሳተረ። መርፌ ሰጧት፣ ደም ቀዱ፣ ክንዷ ላይ የሚርገበገበውን ደም ሥር ፈልገው ከእጥበት ማሽኑ ጋር አገናኟት። «ዛሬ ረዘም ያለ ጊዜ ትቆያለሽ፣ ከዚያም ከዓይናችን አትርቂም» አላት ዶክተሩ። «ባትነግሪን ኖሮ ግን…» አለና ሳይጨርሰው ተወው።

ሙአዝ ፊቱ አመድ መስሏል። ቀልድ የለም። ደሟ በቱቦው መዞር ሲጀምርና ሰዉ ሲቀንስ፣ ወደሷ ሳያይ «ስሚ ሾሾ» አላት። «ደግመሽ እንዲህ ብታደርጊ አላናግርሽም።» ከዚያ ወደሷ ዞሮ፣ «ቢያንስ ይጣፍጥ ነበር?»

«የመጀመሪያው» አለች ሻሂንዳ።

እናቷን አስገቧት። ሲሃም ሳሕኗን እንዳቀፈች ከልጇ ራስጌ ቆመች፤ ዓይኗ አብጧል፣ ግን አላለቀሰችም፣ ወይም ውጭ ጨርሳዋለች። ስልኳ ጮኸ። አክስት ኢንሺራህ ናት፤ ድምፅዋ ከስልኩ አልፎ ለሁሉም ይሰማል። «እንዴት ናት ልጅቷ? ተቆጣችኝ አይደል?»

«ደህና ናት፣ አል…» ብላ ጀመረች ሲሃም። ሻሂንዳ ዓይኗን ጨፈነች። ይኸው፣ አሁንም።

እናቷ ግን ቃሉን አቋርጣ «ደህና አይደለችም፣ ኢንሺራህ» አለች። «ደህና አይደለችም። በኋላ እደውላለሁ።» ስልኩን ዘጋችው።

ሻሂንዳ ዓይኗን ገለጠች። ንዴቷ አልበረደም፤ እንዲህ በአንድ ቃል የሚበርድ ንዴት አይደለም። ግን ያ ጩኺ ጩኺ የሚላት ነገር ዝም አለ።

ኢብቲሃል በሩ ጋ ቆማለች። እንዳለችው አልሄደችም። አልገባችምም። ሻሂንዳ ኢብቲሃል ልትጠይቃት ያሰበችውን ታውቃለች፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው እንዲህ «በግልጽ» የሚባልለት። መልሱን ራሷም አታውቀውም። ልታስደነግጣቸው ይሁን የጠጣችው፣ ወይስ መሞት ፈልጋ፣ ወይስ ጠምቷት ብቻ። ያንን ለብቻዋ ስታገላብጥ ማደር ግን አልፈለገችም።

ነፃ በሆነው እጇ ወንበሩን አመለከተቻት። «ነይ፣ ቁጭ በይ» አለቻት። አሁንም አንቺ ናት።

ኢብቲሃል መጥታ ተቀመጠች። ሲሃም ሁለቱን አየችና ሳሕኑን ይዛ ልትወጣ ዞረች። «እኔ ውጭ ልሁን፣ አውሩ። ድንቹን በኋላ…»

«አንቺም ቁጭ በይ፣ እማዬ» አለች ሻሂንዳ። «ሳሕኑን አስቀምጪው። ዛሬ ስለ ድንች አይደለም።»